ከአዳማ ሆኖ መሬትን በሳተላይት መከታተል፦ ከጥያቄው እስከ ሪፖርቱ

ቆቃ ሐይቅ ላይ እምቦጩ፣ ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረም፣ ዘንድሮ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ከተማው በየት በኩል ነው የእርሻ መሬት እየበላ የሄደው? ወንጂ አገዳ ዳር ያለው ሜዳ ቤት የሞላው መቼ ነው? አዳማ ውስጥ ቡና ቀርቦ ይህ ወሬ ከተነሳ መልስ የሌለው ሰው የለም። መልሶቹ ግን አይገጥሙም። አንዱ «እዚህ ሁሉ ጤፍ ነበር» ሲል ሌላው «የምን ጤፍ፣ ግራር ነበር እንጂ» ይላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ምስል አለ። ሳተላይቶች በአዳማ ላይ በየጥቂት ቀኑ ያልፋሉ። ያነሱት ተቀምጧል፣ ለማየትም አምስት ሳንቲም አያስከፍልም። ብዙ ሰው ግን የት እንደሚገኝ፣ ሲገኝም እንዴት እንደሚነበብ አያውቅም።

ይህን የጻፍኩት ለተማሪዎች፣ ለወረዳና ለከተማ ባለሙያዎች፣ ለጋዜጠኞችና ነገሩን በዓይናቸው ማየት ለሚፈልጉ ሁሉ ነው። ኮድ መጻፍ አይጠይቅም። ላፕቶፕ ቢኖር ይመረጣል። በስልክም ይሆናል፣ ስክሪኑ ይጠብባል እንጂ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ምስሎቹን ስትፈልጉም የምታስገቡት ያንኑ ነው።

መጀመሪያ፦ ምስሉ የማን እንደሆነ እወቁ

ይህን ክፍል ዘሎ ወደ ሥራው መግባት ያምራል። እኔ ግን አትዝለሉት እላለሁ። የትኛው ዓመት ላይ ምስል እንደሚገኝ፣ የትኛው ላይ ባዶ እንደሚሆን የሚወስነው አገሮች በመካከላቸው ያደረጉት ስምምነት ነው።

አሜሪካ ላንድሳት ከሚባሉት ምድርን የሚያነሱ ሳተላይቶቿ የመጀመሪያውን ያመጠቀችው በ1972 ነው። ለረጅም ጊዜ ምስሉ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንድ የላንድሳት 7 ምስል 600 ዶላር ነበር። ለአንድ ተማሪ የማይታሰብ ነው። በ2008 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ክምችቱን በሙሉ በነፃ ለቀቀው። አውሮፓውያን ቀጠሉ። የአውሮፓ ኅብረትና የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ በኮፐርኒከስ ፕሮግራማቸው ሴንቲኔል የተባሉትን ሳተላይቶች ከ2014 ጀምሮ ሲያመጥቁ መረጃውን ከመጀመሪያው ለማንም ክፍት አደረጉት። ቻይናና ብራዚል ደግሞ ሲበርስ የሚባል የጋራ ሳተላይት አላቸው። በ2007 ኬፕታውን ላይ ለአፍሪካ አገሮች ምስሉን በነፃ እንሰጣለን ብለው ቃል ገብተዋል።

የእኛም ድርሻ አለ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት በዲሴምበር 2019 ከቻይና ታይዩዋን ስታመጥቅ ሮኬቱ ለብቻዋ አልነበረም። አብሮ የተጫነው የቻይናና የብራዚል ሲበርስ 4ኤ ነው። የመቆጣጠሪያ ጣቢያው እንጦጦ ላይ ነው፤ የዘርፉን ሥራ የሚመራው ደግሞ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ አንድ ሰነድ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 1986 ምድርን ከጠፈር ስለመዳሰስ 15 መርሆዎችን አጽድቋል። 12ኛው ስለ እኛ ዓይነት አገር ነው ማለት ይቻላል። ከላይ የታየ አገር ስለ ግዛቱ የተሰበሰበውን መረጃ ያለ አድልዎና በተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት አለበት ይላል። ልብ በሉ፣ ፎቶ ለማንሳት የአገሩን ፈቃድ አይጠይቅም። ይህ ለብዙዎች አይዋጥም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ ተዋጠልኝ አልልም። ግን አንድ ባለሙያ «ይህን ምስል ከየት አመጣኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ እንዲኖረው መርሆውን ማወቁ አይከፋም።

አሁን ወደ ሥራው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡ

«በአዳማ ዙሪያ ያለውን የመሬት መራቆት ማጥናት» ጥያቄ አይባልም። «ቆቃ ላይ በኅዳር ወር እምቦጭ የሸፈነው ስፋት ከ2018 ወዲህ እንዴት ተለወጠ?» ጥያቄ ነው። ቦታ አለው፣ ወር አለው፣ የሚለካ ነገር አለው።

ቀጥሎ ምስሉ ያንን ነገር ማየት መቻሉን አረጋግጡ። የሴንቲኔል 2 አንድ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ነጠብጣብ፣ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ 100 ካሬ ማለት ነው። አንድ ሄክታር 100 ፒክስል ይሆናል። አንድ ጥማድን ሩብ ሄክታር ብትሉት 25 ፒክስል ነው፤ ይህ ይታያል። 200 ካሬ የመኖሪያ ቦታ ግን ሁለት ፒክስል ብቻ ነው። የላንድሳት ፒክስል ደግሞ 30 ሜትር ነው፤ 200 ካሬው እዚያ ውስጥ ድምጥማጡ ይጠፋል።

ስለዚህ አደራ፣ የጎረቤት አጥር ክርክር ይዛችሁ ወደዚህ አትምጡ። «አጥሬን ሁለት ሜትር ገፋ» የሚለውን ነፃ የሳተላይት ምስል አይፈታውም። እሱ የካዳስተር (የመሬት ይዞታ ምዝገባ)ና የቀያሽ ሥራ ነው። ይህን ሳያውቁ ባለቀለም ምስል አትመው ቢሮ ለቢሮ የሚዞሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ደረጃ 2፦ ወሩን ምረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሶፍትዌሩ ይልቅ ወሩ ነው ጉድ የሚሠራው።

አዳማ ዙሪያ ጤፉና ስንዴው በክረምት ይዘራል። በመስከረምና በጥቅምት አረንጓዴ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። አንድ ሰው የጥቅምት 2017ን ምስል ከየካቲት 2024 ጋር አስተያይቶ «አካባቢው በረሃ ሆነ» ቢል ያየው በረሃ ሳይሆን የታጨደ ማሳ ነው። ሁልጊዜ ያንኑ ወር ከያንኑ ወር ጋር አስተያዩ። ከተቻለም የሁለቱን ዓመታት ዝናብ ጠይቁ። ዝናቡ ዘግይቶ የገባበት ዓመት አረንጓዴውም ይዘገያል።

ወንጂ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አገዳው በመስኖ ስለሚለማ በበጋም አረንጓዴ ነው። የሚቆረጠውም በየብሎኩ ተራ በተራ ነው። ስለዚህ አንዱ አራት ማዕዘን ደማቅ አረንጓዴ፣ ጎኑ ያለው ባዶ አፈር ሆኖ ታዩታላችሁ። ባዶው የተተወ መሬት እንዳይመስላችሁ፤ ትናንት የተቆረጠ ይሆናል።

ለደመናው ሲባል ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ለራዳር ተዉት፤ እመለስበታለሁ።

የዘመን አቆጣጠሩንም አትርሱ። ኅዳር ማለት ከኖቬምበር 10 ገደማ እስከ ዲሴምበር 9 ነው። አርሶ አደሩ «በኅዳር ነው ውሃው የሸሸው» ቢላችሁ ኖቬምበር 1 ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ደረጃ 3፦ ምስሉን ክፈቱ

ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚለውን፣ የሴንቲኔል ምስሎች የሚታዩበትን ድረ ገጽ፣ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ለማየት መመዝገብ የግድ አይደለም። ምስል ለማውረድ ግን በኢሜይል አካውንት ክፈቱ፤ ነፃ ነው።

መፈለጊያው ላይ አዳማ ብላችሁ ጻፉ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ካልሆነ 8.54 ሰሜን፣ 39.27 ምሥራቅ አስገቡ። ከከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትጎትቱት ቆቃ ይመጣል። በቀጥታ ወደ ደቡብ ስትወርዱ የወንጂ ማሳዎች እንደ ሰሌዳ ተሰልፈው ይታያሉ።

በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ሴንቲኔል 2ን ምረጡ። ሁለት ዓይነት አለ። ኤል1ሲ የሚለው ከአየሩ በላይ የታየው ነው፤ ኤል2ኤ የሚለው የአየሩ ጭጋግና አቧራ ተቀንሶ የተስተካከለው ነው። ዓመት ከዓመት ለማወዳደር ኤል2ኤን ውሰዱ።

ቀጥሎ ካላንደሩን ክፈቱ። ምስል ያለባቸው ቀኖች ተለይተው ይታያሉ። የደመናውን መቶኛ ዝቅ አድርጉት፣ 20 ይበቃል። ግን መቶኛው የሚሰላው ለሰፊው ምስል ነው እንጂ ለእናንተ ቦታ አይደለም። ምስሉ 60 በመቶ ደመና ሆኖ ቆቃ ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ከመጣል በፊት አንዴ ከፍታችሁ እዩት።

ሰዓቱ 7፡40 ምናምን ቢል አትደናገጡ። የግሪንዊች ሰዓት ነው። በእኛ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው፤ ሴንቲኔል 2 ሁልጊዜ የሚያልፈው በዚያ ሰዓት ገደማ ነው።

የኢንተርኔት ፓኬጅ ነገር፦ ሙሉውን ፋይል አታውርዱ። አንዱ ወደ አንድ ጊጋባይት ይጠጋል፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ከዜሮ ነው። ስክሪን ላይ ማየት ግን ብዙ ዳታ አይበላም። የምትፈልጉትን ቦታ ከልላችሁ ምስሉን ብቻ አውርዱ።

ደረጃ 4፦ ቀለሙን አንብቡ

መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ዓይናችን የሚያየው ቀለም ነው። ቆንጆ ነው፤ ለትንተና ግን ደካማ ነው። ውሃ፣ ጥላና ጥቁር አፈር ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ወደ ሌሎቹ ሌየሮች፣ ያንኑ ምስል በሌላ ቀለም ወደሚያሳዩት አማራጮች፣ እለፉ።

ፎልስ ከለር በሚለው ላይ ተክል ቀይ ሆኖ ይታያል። ለምለም ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በብዛት ይመልሳል፤ ያ ብርሃን በቀይ ተቀብቶ ነው። ወንጂን በዚህ ስታዩት ቀይ ምንጣፍ ነው። አዳማ ከተማ ግራጫ ሰማያዊ ትሆናለች።

ኤንዲቪአይ የሚባለው ያንኑ ነገር በቁጥር ያስቀምጠዋል። ከኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩን ይቀንሳል፣ ለሁለቱ ድምር ያካፍላል። ውጤቱ ከ-1 እስከ 1 ይሄዳል። ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች ነው። ባዶ አፈር 0.1፣ 0.2 አካባቢ ነው። የጠገበ አገዳ 0.7ን ያልፋል።

አሁን ቆቃን በዚህ ክፈቱት። እምቦጭ ቆቃ ላይ መታየቱ የተዘገበው በ1965 ነው፤ ጣናን ከማወኩ በፊት ማለት ነው። ውሃው ጨለማ ሆኖ፣ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ደማቅ አረንጓዴ ታያላችሁ። ያ ሁሉ እምቦጭ ነው ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ። ሦስት ነገሮች ይመሳሰላሉ።

እምቦጭ ራሱ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፣ ቁጥሩም ከፍ ያለ፣ 0.5ና ከዚያ በላይ። ዋናው መለያው መንቀሳቀሱ ነው። ነፋስ ይገፋዋል። የዛሬ አምስት ቀን ምሥራቅ ዳር የነበረው ዛሬ ሌላ ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ይገኛል።

ሁለተኛው አልጌ ነው። ቆቃ በአልጌ የታወቀ ነው፤ በማዳበሪያና በፍሳሽ ይጠግባል። አልጌ በኤንዲቪአይ ደብዛዛ ነው፣ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ይላል። ቅርጹም ወተት ሻይ ውስጥ ሲፈስ እንደሚሠራው ጥምዝምዝ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ውሃው በበጋ ሲሸሽ ጭቃው ይወጣል። ሣር ይበቅልበታል፣ ሰዉም ይዘራበታል። ከላይ ሲታይ «ሐይቁ ላይ አረንጓዴ ነገር» ነው። የሚለየው በሁለት ነገር ነው፦ አይንቀሳቀስም፤ የተዘራ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። አምስት ቀን ወደ ኋላ፣ አምስት ቀን ወደ ፊት እዩ። ቦታውን ካልለቀቀ ጀልባ ሳይሆን ቦቲ አዘጋጁ።

ለከተማ መስፋፋት ፎልስ ከለር ኧርባን የሚለውን ሞክሩ። ቤትና ባዶ መሬት ተመሳስለው ያስቸግራሉ። አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል፤ ግን አዳማ ዙሪያ ድንጋይና ቀይ አመድ የሚወጣባቸው ቦታዎችም እንዲሁ ከተክል የጸዱ ናቸው። መንገድ አለ ወይ? ጥላ በመስመር ተደርድሯል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ጉግል ኧርዝ ላይ ያሉት ቁልጭ ያሉ የቆዩ ምስሎች ለዚህ ይረዳሉ፤ ቀናቸውን ከታች አንብቡ እንጂ ዛሬ የተነሱ አይምሰላችሁ።

ደረጃ 5፦ አስተያዩና ለኩ

ሁለት ቀኖችን ወደ ማነጻጸሪያው ጨምሩ። መሃል ያለውን መስመር ግራና ቀኝ ስትጎትቱት ፊተኛውና ኋለኛው ይፈራረቃሉ። ለስብሰባ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ለመለካት አካባቢውን በፖሊጎን (ባለ ብዙ ጎን መስመር) ክበቡት፤ ስፋቱን ራሱ ያሰላል። አንድ ምክር፦ ያንኑ ቦታ ሁለት ጊዜ፣ ቢቻል ሁለት ሰው ይክበበው። ቁጥሮቹ ይለያያሉ። ያ ልዩነት የእጃችሁ ስህተት መጠን ነው። ለውጡ ከዚያ ካልበለጠ «ለውጥ አለ» አትበሉ። ተከታታይ ዓመታትን በግራፍ ማየት ከፈለጋችሁ የተከለለውን ቦታ የኤንዲቪአይ አማካይ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያወጣ መሣሪያ እዚያው አለ። ደመና ያለባቸውን ቀኖች ካላወጣችሁለት ግን ግራፉ የሌለ ውድቀት ያሳያችኋል።

ደረጃ 6፦ ክረምት ሲገባ ራዳር

ነሐሴ ላይ አዋሽ ሲሞላ የምስል ፍላጎት ይጨምራል፤ ሰማዩ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ያኔ ሴንቲኔል 1ን ክፈቱ። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ መልሱን ስለሚቀበል ፀሐይ አይፈልግም፣ ደመናም አያግደውም። የረጋ ውሃ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከጎርፍ በፊት የተነሳውንና በኋላ የተነሳውን ጎን ለጎን አድርጉ፤ አዲስ የጠቆረው ውሃ የገባበት ነው።

ነፋስ ውሃውን ካንቀጠቀጠው ግን ጥቁረቱ ይቀንሳል። ደረቅ አሸዋና አስፋልትም ይጠቁራሉ። ሌላው፣ ከሴንቲኔል 1 ጥንድ ሳተላይቶች አንዷ፣ ሴንቲኔል 1ቢ፣ በዲሴምበር 2021 ተበላሽታለች፤ ተተኪዋ የመጠቀችው በዲሴምበር 2024 ነው። በዚያ መሃል ምስሎቹ ራቅ ራቅ ይላሉ። የጎደለው የእናንተ ፍለጋ አይደለም።

አደጋው ከባድ ከሆነ የጠፈር ኤጀንሲዎች የገቡት ልዩ ቃል ኪዳን አለ። የጠፈርና ዋና ዋና አደጋዎች ዓለም አቀፍ ቻርተር ይባላል፤ ከ2000 ጀምሮ ይሠራል። አባል ኤጀንሲዎቹ፣ የንግድ ሳተላይቶችን ጥርት ያለ ምስል ጨምሮ፣ ለአደጋው ቦታ በነፃ ይሰጣሉ። ማንም ተነስቶ ግን አያስነሳውም። ጥያቄው የሚሄደው ሥልጣን በተሰጠው አካል በኩል ነው። የዞን ወይም የከተማ ባለሙያ ከሆናችሁ መንገዱ በአገሪቱ የአደጋ ሥጋት አመራር በኩል እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ፤ ውሃው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ደብዳቤ መጻፍ ምን ዋጋ አለው።

ደረጃ 7፦ ወደ ኋላ መሄድ

ሴንቲኔል 2 የጀመረው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት ላለው ላንድሳት ነው ያለን። ኧርዝ ኤክስፕሎረር ወይም ላንድሳትሉክ በሚባሉት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ድረ ገጾች ላይ ፈልጉ። ላንድሳት ምድርን በመንገድና በረድፍ ይከፋፍላል። አዳማ በመንገድ 168፣ ረድፍ 54 ውስጥ ናት። ቁጥሩን መያዝ ፍለጋውን ያቀላል።

በ1990ዎቹ ብዙ ምስል አታገኙም። ላንድሳት 5 ያነሳውን የሚያስቀምጥበት መቅጃ አልነበረውም፤ በሚያልፍበት አካባቢ ምስሉን የሚቀበል የምድር ጣቢያ ከሌለ ምስሉም የለም። ምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ጊዜ ከጣቢያዎቹ ክልል ውጭ ነበረች። አሜሪካ ከ2010 ጀምሮ በየአገሩ ጣቢያዎች ተቀምጠው የነበሩትን የድሮ ምስሎች ስትሰበስብ ክፍተቱ በመጠኑ ጠበበ። በዚህ ምክንያት ነው የእኛ አገር ጥናቶች 1973፣ 1986፣ 2000 እያሉ የሚዘሉት። ተመራማሪው ሰንፎ አይደለም።

የላንድሳት 7 ምስሎች ከግንቦት 2003 በኋላ በጥቁር መስመር የተዘነጠሉ ናቸው። አንድ መሣሪያው ስለተበላሸ ነው። ለዓይን ያስጠላል፣ በተለይ ከምስሉ ጠርዝ ላይ። መሃሉ ግን ደህና ነው።

እጃችሁን ለማፍታት መልሱን በምታውቁት ነገር ጀምሩ። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2014 አገልግሎት ጀምሯል። የ2009ን ምስል ከ2015 ጋር አስተያዩና መንገዱን ፈልጉ። ቀጭን መስመር ሆኖ ካገኛችሁት ዓይናችሁ ገርቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ወደ መተሐራ ሂዱና በሰቃ ሐይቅን እዩ። በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ነው፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። የ1973ን ምስል ከቅርቡ ጋር ጎን ለጎን ስታደርጉ ሶፍትዌርም ቀመርም አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ ሌሎች የሠሩትን ተጠቀሙ

ሁሉን ከዜሮ መሥራት ጀግንነት አይደለም። ዲጂታል ኧርዝ አፍሪካ የላንድሳትንና የሴንቲኔልን ምስሎች ለአፍሪካ አዘጋጅቶ ያቀርባል። የውሃ ምልከታ የሚለው ሌየሩ እያንዳንዱ ፒክስል በዓመቱ ስንት ጊዜ ውሃ ሆኖ እንደታየ ይነግራችኋል። ለቆቃ ዳርቻ የተሠራ ነው የሚመስለው።

የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ዋፖር የተባለው የመረጃ ቋት ደግሞ የውሃ አጠቃቀምን ይከታተላል። ሰብሉ ምን ያህል ውሃ እንደተጠቀመና ምን ያህል እንዳመረተ ይገምታል። አዋሽ በዝርዝር ከተሸፈኑት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ወንጂንም ያካትታል። ገንዘቡን የሰጠችው ኔዘርላንድ ናት። የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ያስጀመረው ኤችቪኤ የተባለውም የደች፣ ማለትም የኔዘርላንድ፣ ኩባንያ ነበር፤ ያኔ ስኳሩን፣ ዛሬ ውሃውን መሆኑ ነው።

ደረጃ 9፦ ጫማችሁን አድርጉ

ሳተላይት «እዚህ የነበረው አረንጓዴ ጠፋ» ይላል። ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ለከሰል ተቆርጦ ነው? ድርቅ ነው? ባለቤቱ ሰብል ቀይሮ ነው? ይህ ከመሬት ነው የሚገኘው።

ምስሉ ላይ አጠራጣሪ የሆኑ ቦታዎችን ምረጡ። ለውጥ የታየባቸውን ብቻ አትምረጡ፤ «ምንም አልተለወጠም» ያላችኋቸውንም ጨምሩ። ስህተታችሁ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። መጋጠሚያ ነጥቦቹን ስልካችሁ ላይ አስገቡ። የስልክ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ ስለዚህ ማሳው ጠርዝ ላይ ሳይሆን መሃሉ ገብታችሁ ቁሙ። አራት ፎቶ አንሱ፣ በአራቱም አቅጣጫ።

ቀበሌውን ቀድማችሁ አሳውቁ። ካርታና ስልክ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚዞር እንግዳ ማንንም ያስደነግጣል፤ መሬት ሊወሰድ ነው የሚል ወሬ ከእናንተ ቀድሞ መንደር ይደርሳል። ከአዳማ ወጣ ሲሉ ንግግሩ በኦሮምኛ ነው፤ ቋንቋውን የሚችል ሰው አብሯችሁ ይሂድ። ሽማግሌዎቹን «ኦቦ» እያላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፣ ምስሉን አሳዩአቸው። ስልኩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ወንዙን ካገኙ በኋላ ዛፉ የቱ ጋ እንደነበር በጣታቸው ሲያሳዩአችሁ ከየትኛውም ሌየር የበለጠ ታገኛላችሁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስቡት።

ደረጃ 10፦ ሪፖርቱ

ምስል ብቻ ለጥፎ መላክ ሪፖርት አይሆንም። ከእያንዳንዱ ምስል ሥር እነዚህ ይኑሩ፦ የሳተላይቱ ስም፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የፒክስሉ ስፋት፣ የተጠቀማችሁበት ሌየር፣ በስንት ቦታ መሬት ላይ እንዳረጋገጣችሁ። ስፋት ስትጽፉ «412.37 ሄክታር» አትበሉ፤ ባለ 10 ሜትር ፒክስል ያን ያህል አያውቅም። «410 ሄክታር ገደማ» ይበቃል። ያገኛችሁትን የሚቃረን ነገር ካለም አብራችሁ ጻፉት፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ካገኘው ሥራው በሙሉ ይወድቅባችኋል።

ግለሰቦችን የሚያስጠይቅ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ሕገ ወጥ ግንባታ የሚመስል ነገር ካገኛችሁ፣ የቤቱን ነጥብ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትልቀቁ። ለሚመለከተው ቢሮ ስጡ። ምስሉ ቤት መሠራቱን እንጂ ፈቃድ መኖር አለመኖሩን አያሳይም።

የመጨረሻው ነገር ምንጭ መጥቀስ ነው። ሴንቲኔል ነፃ ነው፣ ለንግድ ሥራም ጭምር፤ በምላሹ የሚጠይቀው አንድ መስመር ብቻ ነው። በአማርኛ ሪፖርት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦ «የተሻሻለ የኮፐርኒከስ ሴንቲኔል መረጃን ይዟል»፣ ከጎኑ ምስሉ የተነሳበት ዓመት። ለላንድሳት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይን ጥቀሱ። ጥሬውን ምስልና የከለላችሁትን ፖሊጎን ደግሞ ከሪፖርቱ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ኅዳር ሌላ ሰው ያንኑ ቦታ መለካት እንዲችል።